ምዕራፍ ሰባት፦ አማልክቱ ለግብዣ የሄዱበት አገር

የሆሜር «ኢሊያድ» ገና ሲጀምር ዜውስ ቤቱ የለም። አኪሌስ በንጉሥ አጋሜምኖን ተዋርዶ ባሕር ዳር ተቀምጦ ያለቅሳል። እናቱን ቴቲስን «ለዜውስ አቤት በይልኝ» ብሎ ይለምናታል። እሷም ጠብቅ ትለዋለች፤ ዜውስ ትናንት ወደ ኢትዮጵያውያን ለግብዣ ሄዷል፣ አማልክቱም ሁሉ ተከትለውታል፣ የሚመለሰውም በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። የግሪኮች ታላቁ የጦርነት ታሪክ ሰማያት ከኢትዮጵያ እስኪመለሱ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። «ኦዲሴይ»ም አጀማመሩ ተመሳሳይ ነው። ኦዲሴዎስን አገሩ እንዳይገባ የሚያሳድደው የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ነው፤ ሌሎቹ አማልክት ተሰብስበው «ሰውየው ይመለስ» ብለው የሚወስኑት ግን ፖሲዶን በሌለበት ነው። እሱ በዚያን ሰዓት ኢትዮጵያውያን ዘንድ የበሬና የበግ መሥዋዕት ሊቀበል ሄዷል።

ሁለቱም ጊዜ ተራኪው አማልክቱን ተከትሎ አይሄድም። ግብዣው ላይ ማን እንደተቀበላቸው፣ ምን እንደተጫወቱ፣ ከአስተናጋጆቹ ልጆች አንዷ ጥግ ይዛ ምን እንዳየች አልተጻፈም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ታዳጊዎች በግሪክ አፈ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ ምናባዊ ልቦለዶችን ያነባሉ፤ ከእነዚህ ልቦለዶች አብዛኛዎቹም ያንን ክፍል እንደ ሆሜር ዘለውት ያልፋሉ። እኔ የማምነው ክፍሉ ሊጻፍ እንደሚገባው ነው፤ ለመጻፍም ከድሬዳዋ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ምክንያቴን በዚህ ምዕራፍ አስረዳለሁ።

«ለመሆኑ ያቺ ኢትዮጵያ የኛዋ ናት ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ለሆሜር ኢትዮጵያውያን በዓለም ጠርዝ፣ ግማሾቹ ፀሐይ በምትወጣበት፣ ግማሾቹ በምትጠልቅበት የሚኖሩ ሩቅ ሕዝቦች ናቸው። ሄሮዶቱስ በስሙ የጠራው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን፣ መናገሻው መርዌ የነበረውን፣ ዛሬ ሱዳን ውስጥ የሚገኘውን አገር ነው። በአራተኛው መቶ ዘመን ደግሞ የአክሱሙ ዒዛና በግሪክኛ ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ ከማዕረጎቹ መካከል የኢትዮጵያውያን ንጉሥነትን ቆጥሯል። ስሙ ከቦታ ቦታ እየተጓዘ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። ስለዚህ በግሪክ ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የሆነው የአንድሮሜዳ አባት ድሬዳዋን ገዝቷል ብሎ መሟገት አያስፈልግም። ልቦለድ የርስት ክርክር አይደለም፤ ታሪኩ ሲወርድ ሲዋረድ የማን እጅ ላይ እንዳለ ማወቅ ይበቃል።

አሁን ወደ ወጣቶቹ መጻሕፍት። ይህን ዘውግ በዘመናችን ያነገሠው አሜሪካዊው ሪክ ራየርደን ነው። በሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ የመካከለኛ ደረጃ መምህር ነበር። ማንበብ የሚቸግረውና ትኩረቱን መሰብሰብ የሚያዳግተው ትንሽ ልጁ የግሪክ ተረቶችን በጣም ስለወደደ አባት ማታ ማታ ይተርክለት ጀመር። የሚያውቃቸው ተረቶች ሲያልቁ አዲስ ፈጠረ። ያ ፈጠራ እ.ኤ.አ. በ2005 የመጀመሪያው የፐርሲ ጃክሰን መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ በ2010 ፊልም ሆነ፣ በ2023 መጨረሻ ደግሞ በዲዝኒ ተከታታይ ድራማ።

የዚህ ዓይነት ልቦለድ አሠራሩ ሲፈታ የሚገርም ብልሃት አለው። አማልክቱ አልሞቱም፤ ኃይል ወዳለበት ይዛወራሉ። የዛሬው ኦሊምፐስ የሚገኘው በኒው ዮርኩ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ፣ በሌለው 600ኛ ፎቅ ላይ ነው። ተራ ሰዎች ይህን የማያዩት አንድ ዓይነት ጭጋግ ዓይናቸውን ስለሚጋርደው ነው፤ ጭራቅ ሲያልፍ መኪና ያለፈ ይመስላቸዋል። ባለታሪኩ የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱን አያውቅም፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየተባረረ ይዞራል፣ አባቱ ፖሲዶን መሆኑን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። የራየርደን ትልቁ ግኝት ግን ሌላ ነው። ፐርሲ ፊደል የሚደባለቅበት አእምሮው የተሠራው ለጥንታዊ ግሪክኛ ስለሆነ ነው፤ አርፎ መቀመጥ ያቃተውም በጦር ሜዳ የሚያድነው ንቃት ስላለው ነው። ክፍል ውስጥ ሰነፍ የተባለ ልጅ ይህን ሲያነብ በመምህሩ ዓይን ጉድለት የተባለውን የራሱን ጠባይ በሌላ ዓይን ያየዋል። ታዳጊ አንባቢ ከመጽሐፍ የሚፈልገው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ሰይፍና ዘንዶ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

የፐርሲ ሙሉ ስም ፔርሲየስ ነው። የጥንቱ ፔርሲየስ ደግሞ የኢትዮጵያዊቷ የአንድሮሜዳ ባል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ስሟ አለ፤ ግን እንደ ሰው አይደለም። የጠላት ወገን የሚጓዝበት፣ ጭራቅ የሞላበት ትልቅ የመዝናኛ መርከብ «ልዕልት አንድሮሜዳ» ይባላል። ከመርከቡ ፊት ለፊት ጥቁር ፀጉሯን የለቀቀች፣ በሰንሰለት የታሰረች፣ ፊቷ በፍርሃት የተሞላ የሴት ሐውልት አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው በአምስተኛው መጽሐፍ መርከቡ ይፈነዳል። ራየርደንን እንደ ጸሐፊ አከብረዋለሁ፤ ይህን ሳነብ ግን የተሰማኝ ቅሬታ ዛሬም አልለቀቀኝም። በባሏ ስም የተጠራ ጀግና አምስት መጻሕፍት ሲያገኝ እሷ የመርከብ አፍንጫ ላይ ቀረች።

ነገሩ የጀመረው ከጥንት ነው። ተረቱ እንደሚታወቀው እንዲህ ይላል፦ የኢትዮጵያ ንግሥት ካሲዮፔያ «ከባሕር ልጃገረዶች ሁሉ እበልጣለሁ» ብላ በውበቷ ትመካለች፤ ፖሲዶን ተቆጥቶ በአገሩ ላይ ጎርፍና የባሕር አውሬ ይልካል፤ ንጉሡ ኬፌዎስ ንግርት ቢጠይቅ «ልጅህን ለአውሬው ስጥ» ይባላል፤ አንድሮሜዳ ዐለት ላይ ትታሰራለች፤ ፔርሲየስ የሜዱሳን ራስ ይዞ ሲመለስ ያያታል፣ አውሬውን ይገድላል፣ ያገባታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድሮሜዳ ምን እንዳሰበች የሚጠይቅ የለም። በእናቷ አንደበት እሷ ትከፍላለች። አባቷ ይወስናል፣ እንግዳው ያድናል። ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ እንኳን እንደ አገሯ ሰዎች ጠይም መሆኗን ሳይሸሽግ ጽፏል፤ ከቲሺያን ጀምሮ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን አንድ በአንድ ሊባል በሚችል መልኩ ነጭ አድርገው ሣሏት። በዚሁ ተረት ላይ የተሠሩት የእ.ኤ.አ. 1981ና 2010 ፊልሞችም በዚያው መንገድ ቀጠሉ፤ ኢትዮጵያን ከነስሟ አወጧት።

ሰማዩ ግን አላወጣትም። የዚህ ተረት ቤተሰብ በሙሉ የኅብረ ከዋክብት መጠሪያ ሆኗል፦ ኬፌዎስ፣ ካሲዮፔያ፣ አንድሮሜዳ፣ ፔርሲየስ፣ አውሬው ሴተስም ጭምር። በኅዳር ወር መጨረሻ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ከድሬዳዋ መብራት ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ወደ መልካ ጀብዱ መንገድ ወይም ወደ ደንገጎ ተራራ ወጣ ብሎ ቀና ያለ ሰው አምስቱንም በአንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። አንድሮሜዳ ከራስ አናት ትንሽ ወደ ሰሜን ትሆናለች፤ በጠራ ጨለማ በዓይን ብቻ የምትታየው ደብዛዛ ብናኝ በስሟ የተጠራችው፣ ከእኛ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ የምትርቀው ጋላክሲ ናት። ተረቱ እንደሚለው ካሲዮፔያ የተቀጣችው ሰማይ ላይ ከነዙፋኗ እየተገለበጠች ያለ እረፍት እንድትዞር ነው። ዛሬ በአቴንስ ሰማይ ይህ በትክክል ይታያል፤ አቴንስ ሰሜን 38 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ካሲዮፔያ ከአድማስ በታች አትወርድም። ድሬዳዋ ግን ከምድር ወገብ 9.6 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። እዚህ ካሲዮፔያ እንደ ማንኛውም ኮከብ ወጥታ ትጠልቃለች። የባሕሩ አምላክ ቅጣት በገዛ አገሯ ሰማይ ላይ አይሠራም ማለት ነው። ለአንድ ምናባዊ ልቦለድ ከዚህ የተሻለ የሴራ መነሻ ከየት ይመጣል?

ከጥንቶቹ ጸሐፊዎች ውስጥ ግን ታሪኩን ተከትሎ ወደ ኢትዮጵያ የሄደ አንድ ሰው አለ። እሱም ከሶርያዋ ኤሜሳ የመጣው ሄሊዮዶሮስ ነው፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው መቶ ዘመን በግሪክኛ «ኤቲዮፒካ» የሚባለውን ባለ አሥር ክፍል ልቦለድ ጻፈ፤ እስከ እኛ ከደረሱት የግሪክኛ ልቦለዶች ረጅሙ ነው። ባለታሪኳ ካሪክሌያ የ17 ዓመት ልጃገረድ ናት። እናቷ ንግሥት ፔርሲና በፀነሰቻት ጊዜ ዓይኗ ያረፈው በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በነበረ የአንድሮሜዳ ሥዕል ላይ ስለነበር ልጅቷ ነጭ ሆና ትወለዳለች። እናት በዝሙት እንዳትጠረጠር ሕፃኗን በኢትዮጵያ ነገሥታት ፊደል ታሪኳ ከተጠለፈበት ጨርቅና ከቀለበት ጋር ትጥላታለች። ልጅቷ ዴልፊ አድጋ፣ ቴያጌኔስ ከሚባል ወጣት ጋር ተዋድዳ፣ በሽፍታና በጦርነት ውስጥ አልፋ ወደ መርዌ የምትመለሰው ምርኮኛ ሆና ነው፤ የገዛ አባቷ ንጉሥ ሂዳስፔስ መሥዋዕት ሊያደርጋት ሲል ማንነቷ ይገለጣል፣ በዚያው አገሩ የሰው መሥዋዕትን ይተዋል።

ይህን ከፐርሲ ጃክሰን አጠገብ አድርጎ ማየት ያስደስታል። ወላጁን ሳያውቅ በሩቅ አገር ያደገ ልጅ፣ ማንነቱን የሚመሰክር ዕቃ፣ አደጋ የሞላበት ጉዞ፣ በመጨረሻ የሚፋጠጠው ኃያል አባት፤ ሁሉም እዚያ አለ። ልዩነቱ የካሪክሌያ ጉዞ መድረሻ ኢትዮጵያ መሆኑ ነው፤ ነገሥታቱም የዘር ሐረጋቸውን ከፔርሲየስ፣ ከአንድሮሜዳና ከኢትዮጵያውያን ንጉሥ ከሜምኖን ይቆጥራሉ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1534 ባዝል ላይ ከታተመ በኋላ አውሮፓን ዞረ፤ ሰርቫንቴስ የመጨረሻውን ልቦለዱን ሲጽፍ ከሄሊዮዶሮስ ጋር ሊፎካከር እንደፈለገ ራሱ ተናግሯል። እኛ ዘንድ ደግሞ የአማርኛ ልቦለድ በር ከፋች የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» እንደ ወንድ ለብሳ ስለምትጓዝ ጦቢያ ስለምትባል ወጣት ልጅ፣ ስለ ምርኮና ስለ መገናኘት ይተርካል። ጦቢያና ካሪክሌያ ቢገናኙ የሚያወሩት አያጡም። የአማርኛ ልቦለድ የጀመረው በወጣቶች ጀብዱ መሆኑን ብዙ ጊዜ እንረሳለን።

አንድሮሜዳም በቅርቡ አንደበት አግኝታለች። እ.ኤ.አ. በ2021 ጃማይካዊ የዘር ሐረግ ያላት አሜሪካዊት ሎረን ብላክዉድ «ዊዚን ዚዝ ዊክድ ዎልስ» የሚል የወጣቶች ልቦለድ አወጣች። ታሪኩ የሚካሄደው ከኢትዮጵያ በተቀዳ ምናባዊ ዓለም፣ በረሃ ውስጥ ባለ አንድ ግዙፍ ቤት ነው፤ መዋቅሩ ከሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» የተወሰደ ነው። ተራኪዋ አንድሮሜዳ ትባላለች፤ ሥራዋ ደብተራነት ነው። ቤቶችን ከክፉ ዓይን በክታብ ታነጻለች፤ መምህሯ ጀምበር ፈቃድ ሳይሰጣት አባሯታልና ሥራ ፍለጋ ትንከራተታለች። ሰንሰለት ላይ የነበረችው ልጅ እዚህ ሌላውን ታድናለች። ደብተራ ቤተ ክህነት ያሳደገው፣ ዜማና ቅኔ የተማረ ወንድ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ ቅር ሊለው ይችላል። እኔ በፈጠራው አልከፋም፤ ምናባዊ ልቦለድ ይህን ለማድረግ መብት አለው። የጎደለኝ የአገሩ ሸካራነት ነው፦ ደብተራው ሌሊቱን የሚያጠናው ዜማ፣ ጠልሰም የሚሣልበት ብራና፣ ሰው በአደባባይ የሚያማውና ሲቸግረው ማታ ደጁን የሚያንኳኳበት የኑሮ ግራ መጋባት። ይህን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ሲጽፈው ሌላ መጽሐፍ ይሆናል።

የግሪክ አማልክት ለእኛ ባዕድ ናቸው ለሚል ደግሞ ድንጋዩ አለ። በአዱሊስ ወደብ በነበረ የድንጋይ ዙፋን ላይ ስሙ ያልተረፈ የአክሱም ንጉሥ በግሪክኛ ድሎቹን ዘርዝሮ ነበር፤ ዙፋኑ ቢጠፋም ጽሑፉን ነጋዴው ኮስማስ በስድስተኛው መቶ ዘመን ገልብጦታልና ደርሶናል። ንጉሡ በአዱሊስ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን እንደሠዋ፣ አሬስም የወለደው አምላኩ እንደሆነ ይናገራል። ዒዛናም ከክርስትናው በፊት በግሪክኛው ጽሑፍ የአሬስ ልጅ ነው፤ በግዕዙ ደግሞ የማሕረም ልጅ። ከሰውና ከአምላክ መወለድ ለራየርደን የልቦለድ መላ ነው፤ ለአክሱም ነገሥታት ግን የመንግሥት ማዕረግ ነበር። ለፖሲዶን በቀይ ባሕራችን ዳር መሥዋዕት ቀርቦለታል።

ለዚህ ሁሉ ድሬዳዋ ለምን? በመጀመሪያ በደቻቱ ምክንያት። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ግመልና ባጃጅ ያልፍበታል። ወንዙን የሚሞላው ዝናብ በብዛት የሚጥለው ከተማው ላይ ሳይሆን በስተደቡብ ካለው ደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ውሃው የሚመጣው ሳይጠበቅ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ፣ በሺዎች የሚቆጠሩትን ቤት አልባ አደረገ። ፖሲዶን በካሲዮፔያ አገር ላይ የላከው ጎርፍና አውሬ ነበር። በዚያ ሌሊት ዘመድ ያጣ ቤተሰብ ውስጥ ላደገ ታዳጊ ይህ ተረት የሩቅ ነገር አይደለም። ደግሞም የሚያስጠይቀው ጥያቄ የጥንቱ ነው፦ ታላላቆች ባጠፉት ለምን ልጆች ይከፍላሉ? ይህን ሐዘን ለማጌጫ መጠቀም ነውር ነው፤ በጥንቃቄ፣ የሞቱትን አክብሮ ከነደረሰባቸው ጋር የሚፋጠጥ ልቦለድ ግን ታዳጊዎች ስለዚያ ሌሊት እንዲነጋገሩ በር ይከፍታል።

ሁለተኛ፣ በዚያው በደቻቱ ሸለቆ አናት ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባለው ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳዮቹ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርዳን ያገኙት ነው። ተመራማሪዎች ከውስጡ ከ4,000 በላይ የቀይና የቢጫ አፈር ቀለም ቁርጥራጮች፣ በክብደት 40 ኪሎ ያህል፣ አውጥተዋል፤ ሰዎች ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ፈጭተው ይጠቀሙበት ነበር። ከከተማው ራቅ ብሎ በለገ ኦዳ ደግሞ ከብትና ሰው የተሣሉበት የዐለት ግድግዳ አለ። ራየርደን ኦሊምፐስን ፎቅ ላይ ማስቀመጥ ነበረበት፤ የድሬ ጸሐፊ ግን ደጁ ላይ ያለውን ዋሻ ብቻ ይከፍታል።

ሦስተኛው ባቡሩ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው የጅቡቲው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ቆመና ከተማዋ አዲስ ሐረር ተባለች። በለገሃር በኩል ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ሕንዶች፣ ዓረቦች፣ ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች መጥተው ኖረዋል። አንድ የባሕር አምላክ ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ሊመጣ ቢያስብ ከወደብ የሚነሳው መንገድ ይህ ነበር። በዘውጉ ሕግ ደግሞ የማይሞቱት ዛሬም አሉ። ትሮይ ላይ አኪሌስን የገጠመው የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖን የንጋት አምላክ የኤዎስ ልጅ ነው፤ አኪሌስ ቢገድለውም እናቱ ለምናለት ዜውስ የማይሞት አድርጎታል። «ኤቲዮፒስ» የሚባለው፣ የሱ ጀግንነት የተተረከበት ጥንታዊ ግጥም ጠፍቷል። ሜምኖን ግን በሕጉ መሠረት የሆነ ቦታ አለ፤ የጠፋበትን መጽሐፍ የሚፈልግ ሽማግሌ ሆኖ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

የቀረው ድምፁ ነው። ፐርሲ ታሪኩን ራሱ ነው የሚተርከው፤ መጽሐፉን ያቆመው ተጫዋችነቱና ግልጽነቱ ነው፣ አምላክ ፊት ቆሞም አይሸማቀቅም። በአማርኛ ይህን ለመጻፍ የሚቸግረው ብዙዎቻችን ለታላቅ ሰው በ«እርስዎ» ስለምናወራ ነው፤ ክብሩ ገጸ ባሕርይውን አንገት ያስደፋዋል። የድሬ ልጅ ይህ ችግር የለበትም። ኦሮምኛውን፣ ሶማሊኛውን፣ አማርኛውን እያፈራረቀ፣ ለታላቁም ለታናሹም «አቦ፣ አንተ» እያለ ያደገ ነው፤ በዚያ ንግግር ውስጥ ንቀት እንደሌለበት አገሬው ሁሉ ያውቃል። ፖሲዶን አያውቅም። የድሬው መጽሐፍ የመጀመሪያ ጠብ ባቡር ጣቢያው ላይ፣ ሻንጣውን ልትሸከምለት የመጣች የ14 ዓመት ልጅ «አንተ» ስትለው ሊነሳ ይችላል፤ እሷ ግን ገና ምን እንዳጠፋች አልገባትም።